ሀፍረት ስም ያወጣለት ሆስፒታል

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ የተንጣለሉትን ቀያይ የጡብ ሕንፃዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ቦታው ሴንት ኤልዛቤትስ ይባላል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለአእምሮ ሕሙማን ያቋቋመው የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው።

በ1855 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ስሙ «የመንግሥት የእብዶች ሆስፒታል» ነበር። ኮንግረሱን ወትውተው ያስገነቡት ወይዘሪት ዶሮቲያ ዲክስ ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙ የአእምሮ ሕሙማን በየእስር ቤቱ ይታጎሩ ነበር። እሳቸው ግን ንጹሕ አየር፣ ሰፊ ግቢና ሰብዓዊ እንክብካቤ ሕመምተኛን እንደሚያሽሉ ያምኑ ነበር። ወንዝ ቁልቁል የሚታይበት ኮረብታ የተመረጠውም በዚሁ እምነት ነው።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲነሳ የሆስፒታሉ አንድ ክፍል ለቁስለኛ ወታደሮች ተሰጠ። ወታደሮቹ ለቤተሰብ ሲጽፉ «ከእብዶች ሆስፒታል» ማለቱ አሳፈራቸው። ስለዚህ የመሬቱን የጥንት ስም፣ ሴንት ኤልዛቤትን፣ መጠሪያ አደረጉት። ኮንግረሱም በ1916 ስሙን በሕግ አጸደቀው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለሆስፒታሉ ስም ያወጣለት ሀፍረት ነው።

ስሙ ቢለወጥም ችግሩ አልቀረም። ጥቁር ሕሙማን ለረጅም ዘመን ከነጮች ተለይተው በሌላ ሕንፃ ይኖሩ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግቢው ወደ 8,000 ሕሙማን አጭቆ ነበር። በ1975 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ከሆስፒታል ውጭ መታከም የሚችሉ ሰዎች በሚኖሩበት አካባቢ የመታከም መብት አላቸው ሲል ወሰነ። ውሳኔውን በሥራ ለማዋል ግን ከ35 ዓመታት በላይ የፍርድ ቤት ክትትል አስፈልጓል።

ዛሬ በምዕራቡ ግቢ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተቀምጦበታል። በምሥራቁ ግቢ በ2010 የተከፈተ፣ ወደ 290 አልጋ ያለው አዲስ የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ከሺዎቹ አልጋዎች የቀሩት እነዚህ ናቸው። የቀረው ሕመምተኛ የሚኖረው በየሰፈሩ፣ በየቤቱ ነው።

ይህ እኛንም ይመለከታል። አዲስ አበባ ላይ «አማኑኤል ገባ» ሲባል ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። እዚህ በስደትም «ደክሞት ነው» ብለን እንሸፍናለን። ሕክምናው ከኮረብታው ወርዶ ወደ ሰፈር ከመጣ፣ የመጀመሪያው አስታማሚ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ካፈረ ደግሞ ሕመምተኛው ሐኪም ፊት የሚቀርበው ከመሸ በኋላ ነው። ወገኖቼ፣ ስኳርና ደም ግፊትን በስማቸው እንደምንጠራ ሁሉ ይህንንም ሕመም በስሙ ጠርተን በጊዜ እናሳክም።