አሮጌ ሳይድካር ከሞተር ሳይክል ጋር ሲጣመር፦ ጎን፣ ልኬትና ተዳፋት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች

መግቢያ

አሮጌ ሳይድካር ሲታደስ ተመልካች የሚያደንቀው ቀለሙን፣ ወንበሩንና የተወለወለውን ላሜራ ነው። የተሳፋሪውን ደኅንነት የሚወስነው ግን ጋሪው ከሞተር ሳይክሉ ጋር የተያያዘበት መጋጠሚያና የተስተካከለበት ልኬት ነው። ይህ ጽሑፍ እድሳቱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከናወን፣ ልኬቶቹ ለምን እንደሚያስፈልጉና በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ምን የተለየ ጥንቃቄ እንደሚጠይቁ ያብራራል።

ሳይድካር በሞተር ሳይክል ጎን በጥብቅ የሚታሰር፣ የራሱ አንድ ጎማ ብቻ ያለው ጋሪ ነው። ሞተር ሳይክሉ ሳይድካር ከታሰረበት በኋላ እንደ ቀድሞው ወደ ጎን እየተጋደመ መታጠፍ አይችልም፤ ሦስት ጎማ ያለው፣ ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያደላ ተሽከርካሪ ይሆናል። በከተሞቹ የውስጥ መንገዶች ከሚመላለሰው ባጃጅ የሚለየውም በዚህ ነው። የባጃጅ አንዱ ጎማ ከፊት መካከል ላይ፣ ሁለቱ ከኋላ ግራና ቀኝ ስለሚገኙ ተሽከርካሪው ለሁለቱም መታጠፊያ እኩል ነው። ሳይድካር ያለው ሞተር ሳይክል ግን ወደ ቀኝ ሲታጠፍና ወደ ግራ ሲታጠፍ ጠባዩ ይለያያል።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ አላቸው። ዋና መንገዶቻቸው ከባድ ጭነት የሚተላለፍባቸው፣ የውስጥ መንገዶቻቸው ደግሞ ኮብልስቶን፣ ጠጠርና በክረምት ጭቃ የተቀላቀሉባቸው ናቸው። ለአብዛኛው አውሮፓዊ መንገድ የተዘጋጀ የሳይድካር መመሪያ እነዚህን ሁኔታዎች ታሳቢ አያደርግም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ጋሪው ለየትኛው ጎን ተሠራ?

ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ተሽከርካሪ በመንገዱ ግራ የሚነዳባት አገር ነበረች፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተሸጋገረች። ይህ ለውጥ አሮጌ ሳይድካር የሚያድስን ሰው በቀጥታ ይመለከታል። ሳይድካር በልማድ የሚታሰረው በመንገዱ ዳር በኩል ነው፤ ተሳፋሪው ሲወርድ ወደ እግረኛ መሄጃ እንጂ ወደ ተሽከርካሪዎች መካከል እንዳይወርድ ነው። በመሆኑም የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ለአገራቸው ገበያ በግራ የሚታሰር፣ የጀርመንና የሶቪየት ፋብሪካዎች ደግሞ በቀኝ የሚታሰር ሳይድካር ሠርተዋል። ከጀርመኑ ቢኤምደብሊው አር 71 ተቀድቶ የተሠራውና ኋላ ኡራል የሚባለው ዘር የወጣበት የሶቪየት ኤም 72፣ በቀኝ ከሚታሰሩት አንዱ ነው።

ጎኑ የኃይሎችን አቅጣጫም ይወስናል። ጋሪው በቀኝ ሲሆንና ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ፣ የሚገፋው የሞተር ሳይክሉ የኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ ጋሪው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተሽከርካሪውም ወደ ቀኝ መዞር ይፈልጋል። ፍሬን ሲያዝ ነገሩ ይገለበጣል። ጋሪው የራሱ ፍሬን ከሌለው ክብደቱ ወደ ፊት መገስገሱን ይቀጥላል፤ ተሽከርካሪውም ወደ ግራ፣ ማለትም ከፊት ለፊት ወደሚመጡት ተሽከርካሪዎች ይሳባል። በግራ የሚታሰር አሮጌ ጋሪ በዛሬው የቀኝ መስመር ላይ ቢነዳ ይህ መሳብ በተቃራኒው ወደ መንገዱ ዳር ይሆናል። ነገር ግን ተሳፋሪው በመንገዱ መካከል በኩል፣ ለሚመጣው ተሽከርካሪ ቅርብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲወርድም ወደ አስፋልቱ ይወርዳል።

በግራ የተሠራን ጋሪ ወደ ቀኝ አዙሮ ማሰር ቀላል ሥራ አይደለም። የሻሲው መጋጠሚያዎች በአንድ ወገን፣ የጎማው ክንድ በሌላው ወገን ይገኛሉ፤ የመግቢያው በርም ብዙውን ጊዜ በዳር በኩል ነው። ገላው ሊተርፍ ይችላል፤ ሻሲው ግን እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ስለዚህ ወጪው ከመጀመሩ በፊት ጎኑ መታወቅ ይኖርበታል።

ምርመራና እድሳት

የአሮጌ ሻሲ ዋና ጠላት በቱቦው ውስጥ ያለ ዝገት ነው። ከውጭ በቀለም የተሸፈነ ቱቦ ከውስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ቱቦውን በትንሽ መዶሻ ሲያንኳኩት ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ደነዝ ያለ ድምፅ ያሰማል። ውኃ የሚጠራቀምበት ዝቅተኛው የቱቦ ክፍል በተለይ መፈተሽ ይገባዋል።

ስንጥቅ ለመፈለግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ብረቱ እስኪጠራ ከተፋቀ በኋላ ነጭ ጋዝ ይቀባል፤ ጥቂት ቆይቶ በጨርቅ በደንብ ይደርቅና በጠመኔ ይለቀለቃል። በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ተመልሶ ሲወጣ በጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይሥላል። ይህ ፍተሻ በመጋጠሚያዎቹ፣ በጎማው ክንድ ሥርና በቀድሞ ብየዳዎች ጠርዝ ሁሉ ሊደረግ ይገባል።

ጥገናው የሚወሰነው ሻሲው መጀመሪያ በተያያዘበት ዘዴ ነው። ብዙ አሮጌ ሻሲዎች ቱቦዎቻቸው በመጋጠሚያ ቁራጮች ውስጥ ገብተው በነሐስ የተያያዙ ናቸው። በዚህ ላይ በኤሌክትሪክ ብየዳ መበየድ ነሐሱን ከብረቱ ጋር ስለሚቀላቅል ብየዳው ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው መጋጠሚያ በጋዝ ነበልባልና በነሐስ ዘንግ ብቻ ይጠገናል። የተበላ ቱቦ ላይ ላሜራ ለጥፎ መበየድም ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያስተካክለውም፤ ቱቦው ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት መተካት አለበት።

ከዚያ በኋላ የጎማው ኩሽኔታ፣ ቸርኬውና ራጂው፣ ካለም ባሌስትራው ይፈተሻሉ። የገላው ውስጠኛ አጥንት በብዙ አሮጌ ሳይድካሮች እንጨት ሲሆን ከበሰበሰ በዋንዛ ሊተካ ይችላል፤ ዋንዛ ቀላል፣ ለሥራ የሚመችና ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ነው። የቀለም ሥራ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ልኬቱ ሳይጠናቀቅ የተቀባ ሻሲ ቡሎኖቹ በተፈቱና በታሰሩ ቁጥር ይፋቃል።

አራቱ መጋጠሚያዎችና ሦስቱ ልኬቶች

ሳይድካር በአብዛኛው በአራት ቦታ ይታሰራል። ሁለቱ የታችኛዎቹ መጋጠሚያዎች ክብደቱን ይሸከማሉ፤ ሁለቱ የላይኛዎቹ ርዝመታቸው የሚስተካከል ዘንጎች ሲሆኑ የሞተር ሳይክሉን ቁመና ይይዛሉ። ዛሬ በአገራችን የሚበዙት ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ ሞተር ሳይክሎች ለሳይድካር የተዘጋጀ መጋጠሚያ የላቸውም፤ የሻሲያቸው ቱቦም ስስ ነው። መጋጠሚያን በቀጥታ በስሱ ቱቦ ላይ መበየድ ቱቦው ከብየዳው ጠርዝ እንዲሰበር ያደርጋል። ተገቢው መፍትሔ ከሞተሩ በታች የሚያልፍ፣ በበርካታ ቦታ በቡሎን የሚያዝ ረዳት ሻሲ ሠርቶ ጋሪውን ከእርሱ ጋር ማያያዝ ነው።

የመጀመሪያው ልኬት የጋሪው ጎማ መቅደም ነው። የጋሪው ጎማ መሐል ከሞተር ሳይክሉ የኋላ ጎማ መሐል ወደ ፊት ቀደም ማለት አለበት፤ የተለመደው ከ150 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ነው። ካነሰ ተሽከርካሪው ወደ ጋሪው ተቃራኒ ጎን ሲታጠፍ በጋሪው አፍንጫ በኩል የመደፋት ዝንባሌ ያሳያል፤ ከበዛ መሪው ይከብዳል፣ ጎማም ይበላል።

ሁለተኛው የጋሪው ጎማ በትንሹ ወደ ሞተር ሳይክሉ ማየቱ ነው። ጋሪው ተሽከርካሪውን ወደ ራሱ ወገን ስለሚጎትት ይህ ዝንባሌ መጎተቱን ያካክሳል። ለመለካት ተሽከርካሪው በደልዳላ የሲሚንቶ ወለል ላይ ይቆምና አንድ ቀጥ ያለ ቱቦላሬ የሞተር ሳይክሉን ሁለት ጎማዎች፣ ሌላው የጋሪውን ጎማ ነክቶ ይቀመጣል። የሞተር ሳይክሉ የኋላ ጎማ ከፊተኛው የሚሰፋ ከሆነ የልዩነቱ እኩሌታ በፊት ጎማው በኩል ክፍተት ሆኖ ይተዋል። ከዚያ በሁለቱ ቱቦላሬዎች መካከል ያለው ርቀት ከፊት ጎማው ፊትና ከኋላ ጎማው ኋላ ይለካል። የፊተኛው ከኋለኛው ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት።

ሦስተኛው ሞተር ሳይክሉ ከጋሪው ርቆ በትንሹ ወደ ውጭ መጋደሉ ነው። መንገድ ውኃ እንዲያወርድ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል፣ በቀኝ የታሰረ ጋሪ ያለማቋረጥ ወደ ቀኝ ይስባል፤ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ወደ ግራ መጋደል ይህን ያስታግሳል። መለኪያው የግንበኛ ቱምቢ ነው፦ በ1 ሜትር ቁመት ላይ 1 ዲግሪ 17.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልኬቱ ነጂው ተቀምጦበትና በጋሪው ላይ የተለመደው ጭነት ተጭኖ መወሰድ አለበት፤ ሞላዎቹ ሲጨመቁ ማዕዘኑ ይለወጣልና። መጋደሉ ሲስተካከል የጎማው አቅጣጫ ስለሚነካ ሁለተኛው ልኬት እንደገና ይፈተሻል።

ተሽከርካሪው በደልዳላ መንገድ በእኩል ፍጥነት ሲሄድ ወደ ጋሪው የሚስብ ከሆነ መጋደሉ ወይም የጎማው ወደ ውስጥ ማየት አንሷል፤ ወደ ተቃራኒው ከሳበ በዝቷል። ቡሎኖቹ ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ሊጠብቁ ይገባል።

የመገልበጥ ገደብ በስሌት

የሳይድካር ዋና አደጋ ጋሪው ወዳለበት ጎን ሲታጠፉ ነው። ጋሪው በቀኝ ከሆነና ተሽከርካሪው ወደ ቀኝ ከታጠፈ ክብደቱ ወደ ግራ ይወረወራል፤ የጋሪውም ጎማ ከመሬት ይነሣል። ለማሳያ ያህል ሞተር ሳይክሉ ከነነጂው 250 ኪሎ ግራም፣ ባዶው ጋሪ 80 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ የጋሪው ክብደት መሐል ከሞተር ሳይክሉ መስመር 0.8 ሜትር ቢርቅና የጠቅላላው ክብደት መሐል ከመሬት 0.6 ሜትር ከፍ ቢል፣ የጠቅላላው ክብደት መሐል ከሞተር ሳይክሉ መስመር የሚርቀው 0.19 ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህም 20 ሜትር ራዲየስ ባለው መታጠፊያ ላይ የጋሪው ጎማ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነሣል ማለት ነው። 40 ኪሎ ግራም አሸዋ በጋሪው ቢጫን ገደቡ ወደ 33፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳፋሪ ቢቀመጥበት ወደ 36 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል።

ከስሌቱ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ባዶ ጋሪ ከተጫነ ጋሪ ይልቅ አደገኛ ነው። ተሳፋሪውን አድርሶ ብቻውን የሚመለስ ነጂ በሄደበት ፍጥነት ቢመለስ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ በባዶ ጉዞ በጋሪው ወለል ላይ የሚታሰር የአሸዋ ጆንያ የተሽከርካሪው መሣሪያ ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል።

ከፍታ፣ ዳገትና ቁልቁለት

አየር በከፍታ ስለሚሳሳ ሞተር ጉልበቱን ያጣል። በመደበኛ የከባቢ አየር ስሌት መሠረት የአየሩ ጥግግት በሰበታ ከፍታ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ፣ በሱሉልታ ከፍታ ደግሞ በ23 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ነዳጅ ይበዛበታል፤ ስለዚህ የካርቡሬተሩ ዋና ነዳጅ ማሳለፊያ ጠበብ ባለው መተካት አለበት። ጉልበቱ በቀነሰ ላይ ጋሪ ሲጨመር የኋለኛውን የሰንሰለት ጥርስ ቁጥር መጨመር ያስፈልጋል፤ ከፍተኛ ፍጥነት ይቀንሳል፣ የዳገት አቅም ግን ይጨምራል።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 400 ኪሎ ግራም የሆነ ተሽከርካሪ 200 ሜትር ቁመት ሲወርድ ወደ 785 ኪሎ ጁል ኃይል ይለቀቃል። ነጂው በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን ካላሠራበት፣ ይህ ኃይል በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ለአንድ ሞተር ሳይክል ብቻ ወደተሠራው ፍሬን ይገባል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይደክማል። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚወርድ ተሽከርካሪ የጋሪው ጎማ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ይህ ፍሬን ቀደም ሲል የተገለጸውን ወደ ግራ መሳብም ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

የሥራው ትክክለኛ ቅደም ተከተል ጎኑን መለየት፣ ሻሲውን መመርመር፣ መጋጠሚያውን መሥራት፣ ልኬቱን ማስተካከል፣ ፍሬኑን ማሟላት፣ በመጨረሻም መቀባት ነው። ኩሽኔታ የሚቀይር፣ ላሜራ የሚያቃና፣ ነሐስ የሚበይድ ባለሙያ በከተሞቹ ጋራዦች አለ። ለዚህ ባለሙያ መድረስ ያለበት የልኬቱ ዕውቀት ነው፤ ለእርሱም ቱምቢ፣ ሜትርና ሁለት ቀጥ ያሉ ቱቦላሬዎች ይበቃሉ።

ሳይድካር የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ቅርጹም ጠባዩም የተለወጠ ተሽከርካሪ ነው። በመሆኑም ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ለመዝጋቢው አካል ቀርቦ ሊመረመር ይገባል። ነጂውም ሰው ከማሳፈሩ በፊት፣ አሸዋ በጫነ ጋሪ ባዶ ሜዳ ላይ ወደ ሁለቱም ጎን መታጠፍንና ፍሬን መያዝን ሊለማመድ ያስፈልገዋል። ሁለት ጎማ ላይ የተገኘ ልምድ ሦስተኛውን ጎማ ለመምራት ብቻውን አይበቃም።