መድረክ የሌለው የበዓል ቴአትር



በዓል ሲቃረብ የሀገር ቤት ነገር ሁሉ ትዝ ይላል፤ ዶሮው፣ ቄጤማው፣ የቡናው ጢስ። ዶሮ ወጥ ሪያድም ይሠራል፤ በርበሬውም ከእናት ቤት ይላካል። ልጆች የሚዘምሩበትና የሚጫወቱበት፣ ትልቅ ሰው ተቀምጦ እየሳቀ የሚያጨበጭብበት በዓል ግን በሻንጣ አይላክም፤ በቦታው መሥራት ነው ያለው።

ፉጣ ከሪያድ አሮጌ ሠፈሮች አንዱ ነው። ቀዩ ቤተ መንግሥትና ከሩቅ የሚታየው የውኃ ማማ እዚያ ናቸው። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና የዜማ ጨዋታ ግን አዳራሽ ከፍቶ የሚጠብቀን የለም። ታዲያ ይህ ተስፋ ሊያስቆርጠን አይገባም፤ የሀገራችን ቴአትርም አዳራሽ አግኝቶ አልተጀመረምና። እንዲያውም ገና ሲጀመር ተከልክሎ ነበር።

በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የተባለውን የአውሬዎች ተረት በቴአትር መልክ አቀረቡ። ጨዋታው እንስሳትን እያናገረ የባለ ሥልጣናቱን ጥፋት ይነካ ስለነበር ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት። ቴአትር እንደገና የተነሣው ከ1923ቱ የንግሥ በዓል ወዲህ ነው። ያነሡትም የትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ከመምህራኑ አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልዶ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቅኔና አቋቋም የተማረ ሰው ነው። አቋቋም ያየች እህት ነገሩ ወዲያው ይገባታል። ጸናጽል፣ ከበሮ፣ መቋሚያ፣ ሁለት ወገን ሆኖ መቀባበል፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየሞቀ መሄድ፤ ይህ ሁሉ በመድረክ ላይ የሚፈለግ ችሎታ ነው። ዮፍታሔ አዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ልጆቹን መዝሙርና ቴአትር አስጠና። ድርሰቶቹም ግጥምና ዜማ የሞላባቸው ነበሩ። የፈረንጅ ሀገር ሰዎች ዘፈንና ድራማ የተቀላቀለበትን ጨዋታ በገናቸው ሰሞን ከነቤተሰባቸው ሄደው ያያሉ። እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ጣልያን ሊወርር በተቃረበበት ጊዜ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለማነሣሣት ነበር። ከነጻነት በኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ ዘፈኑን፣ ጭፈራውንና ድራማውን በአንድ ዝግጅት ያሳይ ጀመር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የታየበት «ዳዊትና ኦርዮን» ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ታሪክ ነበር።

አባባ ተስፋዬን የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ! በቴሌቪዥን «የልጆች ጊዜ» ከ40 ዓመት በላይ ተረት የነገሩን ተስፋዬ ሣህሉ በ2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ከተረት አባትነታቸው በፊት ግን የመድረክ ተዋናይ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሴት ተዋናይ ስላልነበረ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው እንደ ሴት ይጫወቱ ነበር። ወደ ኮሪያም ሄደው በባዕድ ሀገር ላሉ ወታደሮቻችን ተጫውተዋል። ሴቶች ወደ መድረክ የወጡት ቆይቶ ነው፤ ከቀደሙት መካከል ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁ ይገኛሉ። ያኔ ለመድረክ የወጣች ሴት ምን ስም እንደሚሰጣት ታውቃላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም።

አሁን ወደ ሪያድ እንመለስ። እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር አለብን። በሳዑዲ ዓረቢያ ከእስልምና ውጭ ያለ አምልኮ በአደባባይ አይፈቀድም። በቤት ውስጥ የሚደረገው ላይም ቢሆን የደረሰውን እናውቃለን። በታኅሣሥ ወር 2011 እ.ኤ.አ. ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። የተነሣባቸው ክስ ወንድና ሴት ያለ ዝምድና ተቀላቅለው ተገኙ የሚል ነበር። ወራት ከታሰሩ በኋላም ከሀገር ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2016 የሃይማኖት ፖሊሶች ሰው የማሰር ሥልጣናቸውን አጡ፤ በ2018 ደግሞ ከ35 ዓመት በላይ ተዘግቶ የነበረው ሲኒማ ሪያድ ላይ ተከፈተ። የአምልኮው ሕግ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ የገናን ታሪክ ሰው ሰብስቦ በቤት መጫወት የሚያመጣውን የምትቀበለው ሥራዋና መኖሪያ ፈቃዷ ያለባት እህት ናት እንጂ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው አይደለም። እኔ ብጠየቅ ሪያድ ላይ እንቁጣጣሽን እመርጣለሁ። የዘመን መለወጫ ነው፤ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም የሀገር ልጅ አብራ ትጫወተዋለች። ኤምባሲው ወይም ኮሚኒቲው አዳራሽ ከፈቀደ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

አበባየሆሽ ራሱ እኮ ግማሽ ቴአትር ነው። አውጪ አለች፣ ተቀባዮች አሉ፤ በር ይንኳኳል፣ ባለቤት ይወጣል፣ ይመረቃል፣ ይሰጣል። አንድ ትንሽ ታሪክ ጨምሩበት። ለምሳሌ አበባ ይዘው የሚዞሩ ልጆች አንድ ቆንቋና ሰውዬ በሩን አልከፍትም ሲላቸው ምን ያደርጋሉ? ሦስት ጊዜ ያንኳኩ፤ በየጊዜው ሌላ ዜማ ያምጡ፤ በመጨረሻ ሰውየው ሳያስበው አብሮ ሲያዜም ይያዝ። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ንግግሩ አጭር ይሁንና ዜማው ሁሉም የሚያውቀው ይሁን፤ ቃል የጠፋባት ብትኖር ተቀባዮቹ ይሸፍኑላታል። ዮፍታሔ ከአቋቋም የወረሰው የመቀባበል ጥቅም ይኸው ነው።

ሰውዬውን ማን ይጫወተው? ሴት ትጫወተው! ጅዳ የተነሣው ክስ የወንድና የሴት መቀላቀል እንደነበር አትርሱ። አባባ ተስፋዬ ቀሚስ ለብሰው ሴት ከሆኑ፣ እናንተ ጋቢ ደርባችሁ፣ በከሰል ጢም ስላችሁ ቆንቋና ሽማግሌ ለመሆን ምን ያግዳችኋል? ከዘራ ከጠፋ የመወልወያው እንጨት አለ። በአሠሪ ቤት ሲጎትቱት ከርሞ ለአንድ ቀን የጌታ ከዘራ ቢሆን ደስ ይለዋል። ከበሮ ግን በኪራይ አፓርታማ አይሆንም፤ ጎረቤት ይቆጣል። ጭብጨባና ባዶ ጀሪካን በጣት መምታት ይበቃል።

ልምምዱ በዓርብ ነው የሚመቸው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሀገሩ ደንብ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ሁሉም አሠሪ እንደማያከብረው ግን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ተቀባዮቹ ጥቂት ቢጎድሉም ጨዋታው እንዳይሰናከል አድርጋችሁ አዘጋጁት። ከቤት የማትወጣ እህት ካለች ድምፅዋን በስልክ ቀድታ ትላክ፤ ከበሩ ውስጥ ሆና «ማነው?» የምትለው የሰውዬው ሚስት እርሷ ትሁን። መታየት አያስፈልጋትም፤ ስትሰማ ግን ሁሉም ያውቋታል።

ስለ ፎቶና ቪዲዮ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዕረፍቷን ሌላ ቦታ እንዳሳለፈች ለእመቤቷ የነገረች ልጅ በሰው ስልክ ላይ ጢም ተስላ ብትታይ የሚቀጣት አሠሪዋ ነው። መስከረም 1 ዓርብ ላይ ካልዋለ በሚቀጥለው ዓርብ አድርጉት። ልጆች ያሏቸው የሀገር ሰዎችም ይጠሩ፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች አበባየሆሽን በቪዲዮ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ የፊተኛው ረድፍ ለእነርሱ ይተውላቸው።