የትምህርት ግብርና የከፋዩ ድምፅ

ጋይንት ለትምህርት መክፈልን የለመደው በመንግሥት አዋጅ አይደለም። የጋይንቶቹ የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ ቤተልሔም ድጓን፣ ዙር አባ ዝማሬና መዋሥዕትን እያስመሰከሩ ሊቃውንትን ለአገር ሲያበረክቱ የኖሩት፣ መምህሩ በቤተ ክርስቲያን መሬት ስለ ተደጐመ፣ ደቀ መዝሙሩም አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከደጅ ሲቆም ባልቴቲቱ ከራሷ እራት ቀንሳ ቍራሽ ስለ ዘረጋችለት ነው። ሰጪዋ ተማሪውን በዓይኗ ታየዋለች፤ የሰጠችው ወዴት ደረሰ ብላ የምታጠያይቅበት ምክንያት አልነበራትም።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት ወጪ ግን በቍራሽ የሚሸፈን ስላልሆነ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ፤ ገንዘቡም ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስፋፊያ እንዲውል ተደነገገ። ከአንድ አገር የተሰበሰበው ለዚያው አገር ሕፃናት እንዲሆን መታሰቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጋይንት ያለበት የበጌምድር ባለርስት ይህን ግብር የከፈለው ፈቃዱን ማንም ሳይጠይቀው ነው፤ ሕዝብ በድምፁ የመረጣቸው እንደራሴዎች በምክር ቤት የተቀመጡት እንኳ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1950 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ቤቱም በአብዛኛው ከከተማ ስለማይወጣ፣ የቆላው ገበሬ ልጁ የማይገባበትን ቤት ሲያሠራ ኖረ።

የከፋዩን ፈቃድ መጠየቅ ግን ብቻውን ፍትሕን አያመጣም፤ ለዚህም አሜሪካ ምስክር ናት። በዚያ አገር በብዙ ክፍለ ግዛቶች የየአካባቢው የትምህርት አስተዳደር በነዋሪው ቤትና መሬት ላይ ግብር ይጥላል፤ ተመኑን ከተወሰነው በላይ ከፍ ለማድረግ ወይም ለሕንፃ ለመበደር ሲሻ ጉዳዩን ለነዋሪው ድምፅ ያቀርባል። ባለጸጋው ሰፈር በትንሽ ተመን ብዙ ሲሰበስብ፣ ድኻው ሰፈር ራሱን አስጨንቆ ጥቂት ያገኛል። በቴክሳስ የሳን አንቶኒዮ ድኾች ወላጆች ይህን ልዩነት ተቃውመው ቢከሱም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 በአምስት ድምፅ ለአራት ፈረደባቸው። ከአምስት ዓመት በኋላም የካሊፎርኒያ መራጮች የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ በድምፃቸው ገደቡት።

የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአርብ ገበያ ዙሪያ፣ እንደ ሌላውም ገጠር ሁሉ፣ ዛሬ የሚሠራበት ሥርዓት ከሁለቱም የተለየ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ትምህርት እስከ ዐሥረኛ ክፍል በነጻ እንዲሆን አውጆ የነበረ ቢሆንም፣ የወረዳ በጀት አብዛኛው በደመወዝ ስለሚያልቅ፣ የዳሱ ክፍል በቆርቆሮ የሚተካው፣ ተማሪውም ከድንጋይ ተነሥቶ ከዴስክ ላይ የሚቀመጠው በመዋጮ ነው። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ ስብሰባ ይጠራል፤ በአባወራ ይህን ያህል ብር፣ ይህን ያህል ሸክም ድንጋይና እንጨት ይባላል፤ እጅ ይወጣል፤ ጸሐፊው በመዝገብ ያሰፍራል። ይህ በስሙ የፈቃድ መዋጮ ነው። ሹሙና ጎረቤቱ እያዩት እጁን የሚያወጣ ሰው ግን «አልችልም» ለማለት የሚበቃ ነጻነት አለው ብዬ አላምንም።

መዋጮው ለሁሉ አንድ መሆኑም ሌላ በደል ነው። ታች ጋይንትና ስማዳ አፈራቸው የታጠበ፣ ዝናሙም የሚከዳቸው ወረዳዎች ናቸው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙው ቤተ ሰብ በምግብ ዋስትናው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲረዳ ኖሯል፤ በመርሐ ግብሩ የሚሠራው የሕዝብ ሥራም የመማሪያ ክፍል መገንባትን ይጨምራል። እንግዲህ ለዕለት እህሉ ሲል የትምህርት ቤቱን ድንጋይ የተሸከመ ሰው፣ ለዚያው ትምህርት ቤት ከባለ ጥማድ በሬው ጋራ እኩል ገንዘብ አምጣ ሲባል፣ ሁለት ጊዜ እንደ ከፈለ ሊቆጠርለት ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅም የሚመለከተው የከተማን መሬትና ሕንፃ ስለሆነ፣ ሕንፃ ለበዛላቸው ከተሞች እንጂ ለገጠሩ ቀበሌ ትምህርት ቤት እምብዛም አይደርስለትም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ በዐማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለ ዘጋና ስላጐሳቈለ፣ የማደሻው ገንዘብ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ መዋጮው ምርት ከተከተተ በኋላ በምሥጢር ድምፅ ቢወሰን፣ በሴፍቲኔት የሚረዳው ቢማር፣ የገቢውና የወጪው ሒሳብ አርብ ቀን በገበያው መካከል ለተሰበሰበው ሕዝብ ቢነበብ፣ ክልሉም ጥቂት ማዋጣት ለቻለው ቀበሌ አብልጦ ቢጨምርለት፣ ገበሬው የሚከፍለው ለየትኛው ክፍልና ለየትኛው ዴስክ እንደ ሆነ ዐውቆ ይከፍላል።