ፍየሏ በማን ስም ትገዛ?

እንደሚታወቀው የዋግ ኽምራ ምድር ተራራማና ገደላማ፣ አፈሩም ለብዙ ዘመን ሲታጠብ የኖረ በመሆኑ፣ የሰቆጣና የአካባቢዋ ገበሬ ቤተሰብ ኑሮውን በእህል ብቻ ለመግፋት አይችልም። ጤፉ ወይም ማሽላው ባልያዘበት ዓመት ቤቱን ደግፈው የሚያቆሙት በደጋው በግ፣ በቆላው ፍየል፣ ከዚያም የንብ ቀፎ ናቸው። በተለይም በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ ወረዳዎች የፍየል ወተት የሕፃናት ምግብ ነው። በአካባቢው ስም የሚጠራው የአበርገሌ ፍየልም ለወተት፣ ለሥጋና ለቆዳው ይረባል።

የእንስሳት ብድር ምን ጊዜ የሴቶችና የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለመሆኑ ግልገሏን ከብርድ የምታስገባው ማን ናት? የምታልበው፣ የምትንጠው፣ ጋጣውን የምትጠርገው፣ በበጋ ለእንስሳቱ ጭምር ውሃ በጀርባዋ የምታመላልሰው ማን ናት? በብድር አምስት ፍየል ወደ ቤት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨምረው የእሷ ሥራ ነው። ሥራው ከበዛ ደግሞ ጥበቃው ወደ ልጆች ይዞራል፤ ከትምህርት ገበታ የምትቀረውን ልጅ ማንም በብድሩ ሒሳብ ውስጥ አይጽፋትም።

ለገጠሩ ሕዝብ ብድር ማግኘት ቀድሞ ከባድ ነበር። ባንክ ቤትና ሕንፃ በዋስትና ይጠይቃል፤ ገበሬው ግን ያለው በሬና ፍየል ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የተባለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጎረቤታሞች በቡድን እየተዋዋሱ እንዲበደሩ በማድረግ ይህን በር ከፈተ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ከዕርዳታው ጎን ድኻ ቤተሰቦች በብድር ጥሪት እንዲያፈሩ የሚያግዝበት ክፍል ተጨመረለት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ደግሞ የቁም እንስሳት ራሳቸው ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሒሳቡን ግን ሴቶቹ ራሳቸው ቁጭ ብለው ቢያሰሉት ይበጃል። ፍየል አምስት ወር ታረግዛለች። ግልገሉ ገበያ እስኪደርስ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ይፈልጋል። የአበርገሌ ፍየል አብዛኛውን ጊዜ መንታ አትወልድም። ስለዚህ አምስት እንስት ፍየል የገዛች እናት ከግልገል ሽያጭ አንዳች ሳንቲም ሳታይ ዓመቱ ያልቃል። የመክፈያው ቀን አንድ ዓመት ከሆነ፣ ምን ትሸጣለች? እናቲቱን ፍየል! በዚህ ዓይነት መንጋው አይሰፋም፤ ወለዱ ተከፍሎ ቤቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለሙክት የተወሰደ ብድር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ በጥቂት ወራት ተደልቦ ለፋሲካ ይሸጣል። ለርቢ የተወሰደው ግን ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በዐቢይ ጾም መካከል ክፈሉ የሚል ውልም ለተበዳሪ አይመችም፤ ያን ጊዜ የፍየል ዋጋ ይወድቃልና።

ከዚያ የባሰው ድርቅ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ደርሶ ብዙ ቤተሰብ ጥሪቱን ካጣ በኋላ፣ የ2015 ክረምት ዝናብ በሳህላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ወረዳዎች ሳይበቃ ቀረ፤ እንስሳትም በመኖና በውሃ እጦት አለቁ። የራሷ ፍየል የሞተችባት ሴት ፍየሏን ታጣለች፤ በብድር የተገዛች ፍየል ስትሞት ግን ዕዳዋ አብሮ አይሞትም። በቡድን ዋስትና ከሆነ ደግሞ ዕዳው ወደ ጎረቤት ደጅ ይሄዳል፤ አብረው ቡና ሲጠጡ የኖሩ ሴቶች በዚህ ምክንያት ቢኮራረፉ አያስደንቅም። የድርቅ ዓመት ሲመጣ መክፈያው እንዴት እንደሚራዘም፣ ማንስ እንደሚወስን ከፊርማው በፊት በውሉ ላይ መስፈር አለበት።

ወደ ርእሳችን እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አንድ ላይ ይሰፍራል፤ ለእንስሳት ብድርስ ይኸው ለምን አይደረግም? ባል ብቻውን ፈርሞ ባል ብቻውን ገበያ ቢያወጣ፣ ሴቲቱ የመንጋው እረኛ እንጂ ባለቤት አትሆንም። ፍየሏ ስትሸጥ የሚቋረጠው የልጆች ወተት መሆኑን ደግሞ ከእናት በላይ የሚያውቅ የለም። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም የተጠራው እንዲያው በከንቱ አይደለም።

ብድር ለመውሰድ የምታስቡ እናቶች አንድ ነገር ደግሞ አስቡ፦ ከገበያ የመጣችን ፍየል በዚያው ዕለት ከቤቱ ፍየሎች ጋር አትቀላቅሉ። ደስታ መሰል በሽታና የፍየል ሳምባ በሽታ የሚዛመቱት እንደዚህ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ ክትባቱንም ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።