የመርዝ ትነት ጉዞ

በአገራችን ቆላ የወባ ትንኝን ለመግደል ዲ.ዲ.ቲ. ለብዙ ዘመን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል። ወባን መከላከሉን አንነቅፍም፤ በ1993 ዓ.ም. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት እንኳ መርዙን ለዚህ ሥራ ፈቅዷል። ነገር ግን እዚያው ግድግዳው ላይ ደርቆ የሚቀር ይመስለን ነበር፤ ተሳስተናል።

እንዲህ ያለው ኦርጋኒክ መርዝ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፤ እንደ ጨውም ረግቶ አይቀመጥም። ሙቀት ሲያገኝ ጥቂት በጥቂት ይተንና ከነፋስ ጋር ይሄዳል፤ ከፊሉም አቧራ ላይ ተለጥፎ ይጓዛል። አየሩ ሲበርድ በአፈር፣ በቅጠልና በውሃ ላይ ያርፋል፤ ዝናብም አጥቦ ያወርደዋል። ፀሐይ ስትበረታ እንደገና ይነሣል። ሊቃውንት ይህን አካሄድ በፌንጣ ዝላይ ይመስሉታል። ብርዱ ከጸናበት ሲደርስ ግን መነሣት ስለሚያቅተው እዚያው ይከማቻል።

ደገኞች ሆይ፣ ተራራም ብርድ አገር ነው! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 በታተመ ጥናት የምዕራብ ካናዳ ተራሮች በረዶ ሲመረመር፣ ከ770 ሜትር እስከ 3100 ሜትር ከፍታ ድረስ አንዳንዱ መርዝ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል።

ከሁሉ የሚያሳዝነን የሰሜን ኬቤክ የኢኑይት እናቶች ነገር ነው። በ1980ዎቹ የጡት ወተታቸው ሲመረመር፣ በትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረው ፒ.ሲ.ቢ. ከደቡብ ኬቤክ እናቶች 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። መርዙ በስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁም ወደ ባሕር እንስሳ፣ ከዚያም ወደ ሰው ሲተላለፍ እየበዛ ይሄዳልና። ሐኪሞቹም ማጥባቱን ተዉ አላሏቸውም፤ የጡት ወተት ጥቅሙ ይበልጣል።