ሰላምታ የሚሰጥበትና የማይሰጥበት፦ የጦር ሰፈር ቋንቋና የማዕረግ ሥርዐት በአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማዎች

መግቢያ

ወታደራዊ ሕይወትን የሚያሳዩ ተከታታይ ድራማዎች እውነተኛነት ብዙ ጊዜ የሚለካው ስሕተት በመልቀም ነው፤ አንዱ የማዕረግ ምልክቱ ተዛንፏል ይላል፣ ሌላው ሰላምታው ያለቦታው ተሰጥቷል ይላል። እንዲህ ያለው ለቀማ ስሕተቱ ለምን እንደሚደጋገም አያስረዳም። ይህ ጽሑፍ የአሜሪካን ድራማዎች መነሻ በማድረግ አንድ የተለየ መለኪያ ያቀርባል። የወታደር አነጋገር እንደ ቦታው፣ እንደ ሁኔታውና እንደ ተናጋሪዎቹ ግንኙነት ይለዋወጣል፤ የድራማ እውነተኛነትም ይህን መለዋወጥ በማሳየቱ ሊመዘን ይገባል። ጉዳዩ የድራማ ንግግርን ለቋንቋ ጥናት ማስረጃ የሚያደርገውን ተመራማሪም ሆነ ንግግሩን ወደ አማርኛ የሚመልሰውን ተርጓሚ በቀጥታ ይመለከታል።

የራዲዮ ግንኙነት ቃላት

በድራማዎች ከሚደጋገሙ አነጋገሮች አንዱ «ኦቨር ኤንድ አውት» ነው። በራዲዮ ግንኙነት ደንብ «ኦቨር» ማለት «ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ መልስ እጠብቃለሁ» ማለት ሲሆን፣ «አውት» ደግሞ «ግንኙነቱ አብቅቷል፤ መልስ አልጠብቅም» ማለት ነው። ሁለቱን አጣምሮ የሚናገር ገጸ ባሕርይ መልስ እየጠየቀ መስመሩን ይዘጋል። እንደዚሁም «ሮጀር» መልእክቱ መድረሱን ብቻ ያመለክታል፤ «ዊልኮ» ግን መልእክቱ ደርሶ ትእዛዙ እንደሚፈጸም ስለሚገልጽ፣ ሁለቱን መደርደር ትርፍ ንግግር ነው።

ከእነዚህ ይልቅ ክብደት ያለው «ሪፒት» የሚለው ቃል ነው። በተለመደው እንግሊዝኛ «ድገምልኝ» የሚል ፍቺ ቢኖረውም፣ መድፈኛን በሚያዝ የራዲዮ ጥሪ ውስጥ «ተኩሱን ድገም» የሚል ትእዛዝ ነው። በዚህም ምክንያት መልእክቱን ያልሰማ ወታደር «ሴይ አጌን» ይላል። የቃላቱ ልዩነት የሰው ሕይወት ከሚያጠፋ ስሕተት ለመጠበቅ የተበጀ ስለሆነ፣ ድራማው ሲያደባልቃቸው ቃሉን የወለደው ምክንያትም አብሮ ይጠፋል።

«ሰር» ለማን ይባላል?

በአሜሪካ ጦር «ሰር» ወይም «ማአም» ተብሎ የሚጠራው መኮንን ነው፤ ሳጅን የሚጠራው በማዕረጉ ነው። አጠራሩ ግን በየጦር ክፍሉ ይለያያል። በምድር ጦር ስታፍ ሳጅንም ሆነ ሳጅን ፈርስት ክላስ በአጭሩ «ሳጅን» ይባላሉ። በማሪን ኮር ግን ስታፍ ሳጅን በሙሉ ማዕረጉ ይጠራል፤ ገነሪ ሳጅን ደግሞ በቅርበት «ገኒ» ይባላል። የጦር ፊልሞች የሚወዱት «ሳርጅ» የሚለው አጭር አጠራር በማሪኖች ዘንድ ተቀባይነት የለውም። በአንጻሩ የማሪን ምልምል በማሠልጠኛ ሳለ የሳጅን ማዕረግ ያለውን አሠልጣኙን «ሰር» ይላል፤ ሠልጥኖ ከወጣ በኋላ ያንኑ ቃል ለሳጅን ቢጠቀም ግን ይታረማል። ስለዚህ «ሳጅንን ሰር ማለት ስሕተት ነው» የሚለው ደንብ ራሱ የት እንደተባለ ሳይታወቅ አይሠራም።

ሰላምታም እንዲሁ ነው። የበታቹ ይጀምራል፣ የበላዩ ይመልሳል። የባሕር ኃይልና የማሪን ባልደረባ በተለመደው ሁኔታ ባርኔጣ ሳያደርግ ሰላምታ አይሰጥም፤ የምድር ጦር ወታደር ግን ቤት ውስጥም ቢሆን ለመኮንን ሪፖርት ሲያደርግ ሰላምታ ይሰጣል። በጦር ግንባር ደግሞ ሰላምታ ይቀራል፤ አዛዡ ማን እንደሆነ ለጠላት አልሞ ተኳሽ ያመለክታልና። በግንባር ላይ በሰላምታ የተሞላ ትዕይንት ለዓይን ቢያምርም፣ አክብሮት የሚገለጥበት መንገድ በዚያ ቦታ ሰላምታን መተው መሆኑን ይስታል።

ሦስት ድራማዎች

እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1983 የታየው «ማሽ» በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የነበረን የጦር ሜዳ ሆስፒታል ያሳያል። ቀዶ ሐኪሞቹ ሰላምታ አይሰጡም፣ በቅጽል ስም ይጠራራሉ፣ ኮሎኔሉን ይቀልዱበታል። ይህ በደንብ መጽሐፍ ሲመዘን ስሕተት ነው። ሆኖም ብዙዎቹ የድራማው ሐኪሞች ከሲቪል ሕይወት በግዳጅ የተመለመሉ በመሆናቸው፣ መዝረክረኩ የማንነታቸው መግለጫ ነው። አዛዡ ሳያነብ የሚፈርምበትን ወረቀት የሚያዘጋጀው የአሥር አለቃ ጸሐፊም የማዕረግና የእውነተኛ ሥልጣን መራራቅን ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የቀረበው ዐሥር ክፍል ያለው «ባንድ ኦቭ ብራዘርስ» ተዋንያኑን ጡረታ በወጣው የማሪን ካፕቴን በዴል ዳይ ሥር አሠልጥኗል። በዚህ ድራማ ቀድሞ የበታቹ የነበረውን ሻለቃ ዊንተርስን ሰላምታ ሳይሰጥ ሊያልፈው የሞከረ ሻምበል፣ ሰላምታ ለማዕረጉ እንጂ ለሰውየው እንደማይሰጥ ይነገረዋል። ያው ዊንተርስ ከተራ ወታደሮች ጋር ቁማር የተጫወተውን መኮንን ይገሥጸዋል፤ አዛዥ ከሚያዛቸው ሰዎች የሚወስድበት ቦታ ላይ ራሱን ማስቀመጥ የለበትም። ሥርዐቱ እዚህ ከሰላምታ አልፎ የኃላፊነት ጥያቄ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበው ሰባት ክፍል ያለው «ጄኔሬሽን ኪል» ደግሞ በ2003 ኢራቅን ከወረረው የማሪን የቃኚ ሻለቃ ጋር የተጓዘው ጋዜጠኛ ኢቫን ራይት በጻፈው መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ነው። በክፍሉ ያገለገሉ ማሪኖች አማካሪ ሆነዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ራሱን ሆኖ ተውኗል። ወታደሮቹ አዛዦቻቸውን ፊት ለፊት «ሰር» ይላሉ፤ ዘወር ሲሉ በስላቅ ስም ይጠሯቸዋል። በውጊያ መካከል ስለ ፂም አቆራረጥ የሚቆጣው ሳጅን ሜጀር መሳቂያ ቢመስልም፣ ሥርዐቱ በማያመቸው ቦታ ሲጫን ምን እንደሚመስል ያሳያል። የራዲዮ ጥሪዎቹና የጦር ሰፈር ቃላቱም ለተመልካች ሳይብራሩ ያልፋሉ።

መዛነፉ ከየት ይመጣል?

አንደኛው ምክንያት የስርጭት ሕግ ነው። በአሜሪካ በአየር ሞገድ የሚሰራጭ ጣቢያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ጸያፍ ንግግር እንዳያስተላልፍ ይከለከላል፤ በክፍያ የሚታዩ የኬብል ጣቢያዎች ግን በዚህ ክልከላ አይገዙም። «ጃግ» እና «ኤንሲአይኤስ» የቀረቡት በመጀመሪያው ዓይነት፣ «ጄኔሬሽን ኪል» በሁለተኛው ዓይነት ጣቢያ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ወገን ድራማዎች መካከል የሚታየው የስድብ መጠን ልዩነት የወታደሩን አነጋገር ሳይሆን የጣቢያውን ዓይነት ሊያመለክት ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ግልጽነት ነው፤ ማዕረግ የማያውቅ ተመልካች ማን ማንን እንደሚያዝ በ«ሰር» ብዛትና በሰላምታ ይረዳል። ስለዚህ ስሕተቶቹ በአብዛኛው ሥርዐትን ወደ ማብዛት ያደላሉ።

የአማርኛ ተርጓሚ ፈተና

እንግሊዝኛው በአንድ ተውላጠ ስም የሚያልፈውን፣ አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ብሎ ግሱን ጭምር እንዲወስን ያስገድዳል። «ሰር» የሚለውን ሁልጊዜ «ጌታዬ» ማለት የወታደርንና የአዛዥን ግንኙነት ወደ ጌታና አሽከር ይለውጠዋል፤ በአማርኛ «ሻምበል» ወይም «ኮሎኔል» ብሎ በማዕረግ ጠርቶ በ«እርስዎ» መቀጠል ለጦር ሰፈሩ ይቀርባል። ማዕረጉም ወጥመድ አለው፤ የምድር ጦር «ካፕቴን» ሻምበል ሲሆን፣ የባሕር ኃይል «ካፕቴን» ከኮሎኔል ጋር የሚስተካከል ነው። በደርግ ዘመን ከማዕረግ በፊት «ጓድ» ይባል እንደነበረ ማስታወስም፣ የአጠራር ሥርዐት ከፖለቲካ ሥርዐት ጋር እንደሚለወጥ ያሳያል።

ማጠቃለያ

የድራማ ንግግር የወታደር ቋንቋ ቅጂ አይደለም፤ በስርጭት ሕግ፣ በተመልካች ፍላጎትና በአማካሪዎች እውቀት ተጣርቶ የሚቀርብ ነው። ተመራማሪ ከአንድ ትዕይንት «ወታደሮች እንዲህ ይላሉ» የሚል ድምዳሜ ከማውጣቱ በፊት ንግግሩ የት፣ በማን ፊትና በየትኛው ጣቢያ እንደተነገረ መመዝገብ ይኖርበታል። በዚህ መለኪያ ሰላምታ የማይሰጥባቸው የ«ማሽ» ትዕይንቶች፣ በግንባር ላይ ሰላምታ ከሚበዛባቸው ድራማዎች ይልቅ ለእውነት የቀረቡ ሆነው ይገኛሉ።