ፊደል መቁጠርና ማንበብ ለየቅል ናቸው

የ1ኛ ክፍል ልጅ ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ «ፖ» ሳይሳሳት ቢወርደው፣ ማንበብ ቻለ ማለት ነውን? አይደለም። ዜማውን ጆሮው ይዞት፣ ዓይኑ ግን ፊደሉን ገና ሳይለየው ሊሆን ይችላል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ይህን ነገር የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ከጥንት ያውቁታል። ስለሆነም ልጁ ሀሁን ከዘለቀ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ»ን ያስቆጥሩታል። እዚህ ላይ ተራው ስለሚፈርስ ዜማው አያድነውም፤ በስንጥር እየነካ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል።

እኛስ? 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ልጁን ከቃል ማራቅ አይገባም። የ«ለ»ና የ«በ» ቤት ብቻ እንኳ ልብ፣ ላብ፣ በላ፣ ላባ፣ ሌባ፣ ሌላ ይሰጡናል። «መ» ሲጨመር ላምና ሎሚ ይመጣሉ። የ«ቡ» ቅጥል ከወገቡ፣ የ«ቢ» ከእግሩ መሆኑንም ልጁ በጣቱ እየነካ ይለይ።

የክፍሉ ልጆች ባንድ ድምፅ ሲጮኹ ያልገባው ልጅ በጓደኞቹ ድምፅ ይደበቃል። ስለዚህ እጩ መምህራን፣ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ፊደሎችን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋችሁ አደባልቁና ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቁ። ልጁ በቃሉ ያላጠናውን ቃል ካነበበ፣ እሰየው፣ ያኔ አስተማርን እንበል!